ጭረት ማጥፊያው ታጥቦ ይታይልን

ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የንግድ ቢሮ፣
ለቤንች ሸኮ እና ለሸካ ዞኖች የንግድ መምሪያዎች፣
ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን፤

ጉዳዩ፦ የመኪና ጭረት ያጠፋሉ ተብለው ስለሚሸጡ ስፕሬዮች



ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በሚዛን አማንና በቴፒ የመለዋወጫ ሱቆች፣ በመናኸሪያ ዙሪያ በሚዞሩ ሻጮች እጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ አንድ ዓይነት ዕቃ በልዩ ልዩ ስም ይሸጣል። አንዳንዴ «ናኖ» ይባላል፣ አንዳንዴ «ሴራሚክ»፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ማዕረግ «ጭረት ማጥፊያ»። ማስታወቂያው ግን ያው ነው። መኪናው ላይ ጭረት ይታያል፤ ስፕሬዩ ይረጫል፤ ጨርቅ ያልፍበታል፤ ጭረቱ የለም። «ከእንግዲህ ቀለም ቤት መሄድ ቀረ» ይላል ተናጋሪው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ማስታወቂያው እውነት ስላልሆነ ነው፤ እውነት አለመሆኑንም በአንድ ባልዲ ውሃና በትንሽ ላርጎ ማሳየት ይቻላል።

እኔ በሚዛን አማን መኪና ቀለም እየቀባሁ የምኖር ሰው ነኝ። «እንጀራውን የሚነካበትን ዕቃ ቢያጥላላ ምን ይገርማል?» የሚል አይጠፋም። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ ሒሳቡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ስፕሬዩ ሥራ አልቀነሰብኝም። ስፕሬይ ሲረጭበት የከረመ መኪና ወደ እኔ ሲመጣ መጀመሪያ ከነበረበት ጭረት የበለጠ ሥራ ይዞ ይመጣል፤ የማስከፍለውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ዕቃው እንዳሻው ቢሸጥ ተጠቃሚው እኔ ነኝ።

አካባቢያችን ለጭረት የተመቸ ነው። ቡና ለመጫን ወደ በበቃ፣ ወደ ሸኮ ወይም ወደ የኪ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ አይሱዙ በሁለቱም ጎኑ ቅርንጫፍ እየፋቀው ነው የሚያልፈው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ከፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ከሁለት አንዱ ወደ ቡናው ጥግ መግባቱ የማይቀር ነው። ወደ ማሻ በኩል ሲወጣ ቀርከሃው ይጠብቃል። ዓመቱን ከግማሽ በላይ ዝናብ የሚዘንብበት አገር በመሆኑ ቀዩ ጭቃ መኪናው ላይ ይለጠፍና ይደርቃል፤ ረዳቱ ያንን የደረቀ ጭቃ በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ቅርንጫፉ ያልነካውን ጭቃው ይጨርሰዋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ ከባጃጅ፣ ባጃጅ ከሞተር መፋፋቅ የዕለት ሥራ ነው።

የስፕሬዩ ዋና ገዢ የባጃጅ ሹፌሩ ነው። ልጁ ቀን ሲሠራ ይውልና ማታ ገቢውን ከነባጃጁ ለባለቤቱ ያስረክባል። ቀን ከሰው ጋር ተፋፍቆ ከሆነ ማታ የሚጠብቀው ጭቅጭቅ አለ፤ አንዳንዴም ከገቢው የሚቆረጥ ገንዘብ። እንዲህ ያለ ልጅ ስልኩ ላይ «በሁለት ደቂቃ ይጠፋል» የሚል ነገር ሲያይ ቢገዛ አልፈርድበትም። ሁለተኛው ገዢ አሮጌ ኮሮላውን ወይም ቪትዙን እንደ ዓይኑ ብሌን የሚጠብቀው ሰው ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በጥር 2016 ከተነገረ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያለችውን መኪና ማቆየት ግዴታ ሆኗል። የመኪና ቀለሙና ክሊሩ በአብዛኛው ከውጭ ስለሚመጣ የእኛም ዋጋ ወጥቷል። አንድ በር ለማስቀባት የሚጠየቀውን ሰምቶ ራሱን የያዘ ሰው፣ ከዚያ ጥቂቱን ብቻ የሚያስወጣ ጠርሙስ ሲቀርብለት እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ማስታወቂያው ያነጣጠረው እነዚህን ሁለት ሰዎች ነው፤ ሁለቱም ለብክነት የሚሆን ገንዘብ የላቸውም።

አሁን ወደ ጭረቱ ልግባ። የመኪና ቀለም አንድ ንጣፍ አይደለም። ከብረቱ ላይ ዝገት የሚከላከል ንጣፍ አለ፣ በእርሱ ላይ ፕራይመር፣ ከዚያ ቀለሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስታወት የመሰለው ክሊር። የፋብሪካ ቀለም ሁሉም ንጣፉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢደርስ ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከአንድ የራስ ፀጉር ይሳሳል። ብዙዎቹ አሮጌ ነጭ ቶዮታዎች ደግሞ፣ በቀለም ቁጥር 040 የሚታወቁት፣ በላያቸው የተለየ ክሊር የላቸውም፤ ነጩ ቀለም ራሱ የመጨረሻው ንጣፍ ነው። «የተጎዳውን ክሊር ይጠግናል» የሚል ስፕሬይ እነዚህ ላይ የሚጠግነው ነገር እንኳ የለም።

ጭረት ማለት ከዚህ ቀጭን ንጣፍ ላይ የጎደለ ነገር ነው። ጥያቄው ምን ያህል ጎደለ ነው። ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ አግድም ይሳቡት፤ ካልያዘው ጭረቱ ክሊሩን አላለፈም፤ ከያዘው ግን ጠልቋል። ከታች ነጭ ወይም ግራጫ ከታየ ቀለሙ አልቆ ፕራይመር ላይ ተደርሷል። ብረቱ ከታየ ወይም ቡናማ ነጥብ ከጀመረ ጉዳዩ የውበት መሆኑ አብቅቷል። ቀለም ቤት የመጣ መኪና ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው በዚህ መንገድ ነው፤ ጥፍር የሌለው ሰው ስለሌለ ማንም ቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

ታዲያ ስፕሬዩ ሲረጭ ጭረቱ ለምን ይጠፋል? ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ሁሉ የተቀነባበረ አይደለምና ይህን በደንብ ማየት ያስፈልጋል። ጭረት ነጭ ሆኖ የሚታየን ነጭ ስለሆነ አይደለም። ብርሃን በተሰበረው የክሊር ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ወደየአቅጣጫው ይበተናል፤ ዓይናችን የሚያየው ያንን የተበተነ ብርሃን ነው። ጭረቱ ውስጥ ያለው አየር ነው፤ አየርና ክሊር ብርሃንን የሚያጥፉበት ልክ በጣም ይራራቃል፤ የአየሩ 1 ሲሆን የክሊሩ ወደ 1.5 ይጠጋል። ጭረቱ ውስጥ ውሃ ቢገባ ግን የውሃው ልክ 1.33 ስለሆነ ልዩነቱ ይጠባል፤ መበተኑም ይቀንሳል። የሲሊኮን ዘይት 1.4 አካባቢ ስለሆነ ከውሃም ይበልጥ ይቀራረባል። ስለዚህ ክሊር ላይ ያለ ማንኛውም ቀላል ጭረት ሲረጥብ ይደበዝዛል ወይም ጭራሹን ይሰወራል። ይህን ለማየት ስፕሬይ መግዛት አያስፈልግም፤ ውሃ ወይም የምግብ ዘይት ያሳያል። መኪናዎ ታጥባ ገና ሳትደርቅ አዲስ መስላ የምትታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስፕሬዩ ውስጥ ያለው በአብዛኛው ሲሊኮን ወይም ሰም፣ አንዳንዴም ሁለቱም ናቸው። ጭረቱን ይሞሉታል፣ ያበሩታል፣ ለጊዜው ይሸፍኑታል። የጎደለው ክሊር ግን እዚያው ጎደሎ ነው። ውሃ ሲረጩበት የሚሰወረው ውሃው እስኪደርቅ፣ ስፕሬዩ የሚሰውረው ሰሙ ታጥቦ እስኪያልቅ ነው፤ ልዩነቱ የቆይታ ብቻ ነው። በደረቅ አገር፣ ጋራዥ ውስጥ በምታድር መኪና ላይ ይህ ቆይታ ረዘም ሊል ይችላል። በሚዛንና በቴፒ ዝናብ፣ በየጊዜው ጭቃዋ በላርጎ በምትታጠብ መኪና ላይ ግን ዕድሜው በጣም አጭር ነው። ጭረቱ ተመልሶ ሲመጣ ባለቤቱ «አረጫጨቴ ተሳስቶ ይሆናል» ብሎ ሌላ ጠርሙስ ይገዛል። ሻጩም የሚመክረው ይኸንኑ ነው።

በማስታወቂያው ላይ ከዚህ የባሰም አለ። ብዙዎቹ ቪዲዮዎች ላይ «ጭረት» ተብሎ የሚታየው ጭረት አይደለም። ሌላ መኪና ሲፋፋቅ የተወው ቀለም ነው፤ ከላይ የተለጠፈ እንጂ ከክሊሩ የጎደለ አይደለም፤ እርሱን ቲነር የነካ ጨርቅ በጥንቃቄ ያነሳዋል። ወይም በጠመኔ ወይም በእርሳስ የተሰመረ መስመር ነው። ስፕሬዩ ከመረጨቱ በፊት ካሜራው ፀሐይን ከጎን ያመጣል፣ ከተረጨ በኋላ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ብርሃኑ ሲለወጥ ጭረቱ በራሱ ይደበዝዛል። ደግሞም ቪዲዮው ሁልጊዜ የሚያልቀው ጨርቁ እንደተነሳ ነው። መኪናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያሳይ አንድም ማስታወቂያ አላየሁም።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በአሜሪካ አንድ የጢም መላጫ አረፋ፣ ራፒድ ሼቭ የሚባል፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ብርጭቆ ወረቀት ላይ ይቀባና ወዲያው በምላጭ ይላጭ ነበር፤ አሸዋው ጥርግ ብሎ ይነሳል። ሥራዬ ብርጭቆ ወረቀት ስለሆነ ይህን ታሪክ ስሰማ ሳቄን መግታት አልቻልኩም። የታየው ብርጭቆ ወረቀት አልነበረም፤ አሸዋ የተነሰነሰበት ፕላስቲክ ነበር። እውነተኛውን ብርጭቆ ወረቀት እንደዚያ ለመላጨት 80 ደቂቃ ያህል መነከር ያስፈልገው ነበር። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በፈረንጆቹ 1965 በአምራቹ ላይ ተወሰነ። ፍርድ ቤቱ ያለው ለእኛም ይጠቅማል፤ ተመልካችን «በዓይንህ እያየህ ነው» ብሎ ሌላ ነገር ማሳየት በራሱ ማታለል ነው። በዚያው ዓመት ሌላ ፍርድ ቤት የመኪና መስታወት አምራችን ጉዳይ አየ። ሊቢ ኦውንስ ፎርድ የተባለው ኩባንያ የመስታወቱን ጥራት ለማሳየት ያስነገረው ማስታወቂያ የተቀረጸው በተከፈተ መስኮት በኩል ነበር፤ ተመልካቹ «እንዴት ያለ ጥርት ያለ መስታወት!» ሲል የሚያየው አየር ነበር። በፈረንጆቹ 1997 ደግሞ ስሊክ 50 የተባለው የሞተር ዘይት ጭማሪ አምራቾች ያለ በቂ ማስረጃ ያስነገሩትን እንዲተዉ ከአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ጋር ተስማምተዋል። ሦስቱም ጊዜ ማስታወቂያውን ያስቆመው ጉዳዩን ይዞ የተነሳ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ነው።

ፍርዴ ሚዛን እንዳያጣ የሚሠራውንም ልናገር። ፖሊሽና ኮምፓውንድ የሚባሉት ሻካራ ቅባቶች ጥፍር የማይይዘውን ጭረት በእርግጥ ያጠፉታል። የሚያጠፉት ግን በመሙላት አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ክሊር ፍቀው እስከ ጭረቱ ወለል ዝቅ በማድረግ ነው። ስለዚህ በየጊዜው ከተደጋገመ ክሊሩ ያልቃል። በጣሳ የሚመጣው ባለ ቀለም ስፕሬይም እውነተኛ ቀለም ነው፤ ችግሩ ፀሐይ የበላው የመኪናዎ ቀለምና ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር ዛሬ አንድ አለመሆናቸው ነው። ያለ ማጠንከሪያ የሚመጣ የጣሳ ክሊር ደግሞ ቤንዚን ሲነካው ይለሰልሳል፤ የነዳጅ መቅጃ አካባቢ ለቀባ ሰው አይመከርም። እንዲያውም ራሱን የሚጠግን ክሊር የሚባል ነገር አለ፤ ኒሳን በፈረንጆቹ 2005 አስተዋውቆታል፤ ስክራች ሺልድም ይባላል። በእጥበት ጊዜ የሚፈጠሩ ቀጫጭን ጭረቶችን እንደ አየሩ ሙቀት ከአንድ ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይመልሳል። ነገር ግን ፋብሪካ ውስጥ የሚቀባ፣ ሙጫው የመለጠጥ ባሕርይ ያለው ክሊር ነው፤ በጠርሙስ ገብቶ አሮጌ ቪትዝ ላይ የሚረጭ አይደለም። «ናኖ» የሚለው ስም የዚህን ዓይነቱን እውነተኛ ሥራ ክብር ለመዋስ የተለጠፈ ይመስለኛል።

«ቢበዛ ገንዘቡ ባከነ፣ ሌላ ምን ጉዳት አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ጉዳት አለው፤ ከፍ ብዬ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ ያልኩትም ይኸው ነው። ሲሊኮን የቀለም ጠላት ነው። ሲሊኮን ጠጥቶ የቆየ በር ላይ አዲስ ቀለም ስንረጭ ቀለሙ ከዚያ ቦታ ይሸሻል፤ ክብ ክብ ጉድጓድ እየሠራ ሥሩን ያሳያል። ጥቂት ሲሊኮን በቂ ነው። ያን ጊዜ መጠበቅ፣ በማጠቢያ መጥረግ፣ እንደገና መቅባት፣ አንዳንዴም እስከ ብረቱ መፋቅ ይመጣል፤ የአንድ ቀኑ ሥራ ይረዝማል። ደንበኛው «ስፕሬይ ረጭቼበት ነበር» ብሎ አስቀድሞ ቢነግረን እንጠነቀቃለን። ብዙዎቹ አይነግሩንም፤ ጥፋት መሆኑን የነገራቸው ስለሌለ።

ሁለተኛው ጉዳት ዝገት ነው። ብረት ድረስ የወረደ ጭረት በእኛ እርጥበት ብዙ አይቆይም፤ ሳይውል ሳያድር ቡናማ ይሆናል፤ ዝገቱም ከቀለሙ ሥር እየተሳበ ይሰፋል። ሰሙ አብርቶት ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ ሲተወው ሥሩ ይበላል። እንዲህ ላለው ጭረት ትክክለኛው ሕክምና ውድ አይደለም። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ማንሳት፣ በቀጭን ብሩሽ ፕራይመር መንካት፣ ከላዩ ከመኪናው ጋር የሚቀራረብ ቀለም ማድረግ ነው። አያምርም፤ ግን ብረቱን ያድናል። ቀለም ቤት መሄድ ያቃተው ሰው ለስፕሬዩ ያወጣውን ገንዘብ እዚህ ላይ ቢያውለው በሩ ይተርፍለታል።

ሦስተኛው፣ «ይረጩት፣ ይጥረጉት» የሚለው ትእዛዝ ራሱ ነው። የቴፒ ወይም የሚዛን መንገድ አቧራ የተሸከመ ኮፈኖ ላይ ሳያጥቡ ረጭቶ መጥረግ ማለት አቧራውን በክሊሩ ላይ ማሸት ነው። አንድ ጭረት ለማጥፋት የተነሳ ሰው ፀሐይ ሲያርፍበት ብቻ የሚታይ የጭረት መረብ ይሠራል።  

እንግዲህ ስፕሬዩ ቃሉን የሚጠብቅበት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም መኪና መሸጥ ነው። ሊሸጥ የቀረበ መኪና ጠዋት ይታጠባል፣ ይረጫል፣ ይወለወላል፤ ገዢው ከሰዓት በፊት ከደላላው ጋር መጥቶ ዞር ዞር ብሎ ያየዋል። የበሩ ጭረት የለም፣ የፓራፋንጎው ዝገት ያበራል፣ የደበዘዘው ጣሪያ ጥቁር መስታወት መስሏል። ውሉ ይፈረማል። ገዢው መኪናውን ከገዛ በኋላ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል የገዛው ምን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ የተታለለው ጠርሙሱን የገዛው ብቻ አይደለም፤ ጠርሙሱን ዓይቶት የማያውቅ ሰውም ተታሏል። ማስታወቂያውን የሚመለከተው ቢሮ ይህንን ሁለተኛ ሰው እንዲያስብልኝ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የስፕሬይ ዋጋ ትንሽ ነው ተብሎ ጉዳዩ እንደ ቀላል የሚታለፈው እርሱ ስለሚረሳ ነው። መኪና ለመግዛት የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ባልዲና ላርጎ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን በር ራሳችሁ አጥባችሁ አድርቁ። ባለመኪናው ከተቆጣ መልሱን አግኝታችኋል።

ሕጉ አለን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ በማንኛውም መንገድ የሚነገር የንግድ ማስታወቂያ ሐሰተኛ ወይም አሳሳች እንዳይሆንም ይከለክላል። ከዚያ ቀደም የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አለ። የሸማቾች ጥበቃው ባለሥልጣን ፈርሶ ሥራው በ2014 ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከተጠቃለለ ወዲህ ለእኛ ቅርቡ እናንተ ናችሁ። ክልላችን ኅዳር 14 ቀን 2014 ሲመሠረት መቀመጫዎቹን በቦንጋ፣ በሚዛን አማን፣ በቴፒና በተርጫ ያደረገው አገልግሎቱ ለሕዝቡ እንዲቀርብ ነው ተብሏል፤ እኔም ይህን ቅርበት ተማምኜ ነው የጻፍኩት። ንግድ ቢሮዎቻችን የዘይትና የስኳር ዋጋ ሲቆጣጠሩ እናያለን፣ ሚዛን ሲፈትሹ እናያለን። ማስታወቂያ ውስጥ ያለ ቃልም እንደ ሚዛን የሚፈተሽ ነገር ነው።

ዕቃው ይከልከል አላልኩም። ሰም ነውና ሰም ተብሎ ይሸጥ፤ መኪና ያበራል፣ ውሃ ያንሸራትታል፣ ይህም የሚገዛው ሰው አለው። የምጠይቀው «ያጠፋል»፣ «ይጠግናል»፣ «ቀለም ቤት ቀረ» የሚሉት ቃላት ማስረጃ ሳይቀርብላቸው እንዳይነገሩ ነው። የዞን መምሪያዎቹ ሱቅ ውስጥ ያለውን አስመጪውን ጠይቀው ምን እንደያዘና ምን ያህል እንደሚቆይ በአማርኛ ያጽፉበት። መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣኑ ደግሞ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገረውን ከነማሳያው ይመርምር፤ ማሳያው ከታጠበ በኋላ የማያሳይ ከሆነ ማሳያ አይደለም። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ያለው ሻጭ አድራሻ የሌለው ይመስላል፤ ግን ዕቃውን የሚያደርሰው ሰው ስልክ አለው፣ ገንዘቡ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ አለው። ጥቆማ የምንሰጥበት አንድ የስልክ ቁጥር በየመናኸሪያው ቢለጠፍ ብዙውን የሚያመጡላችሁ የተታለሉት ናቸው።

ዕቃን ፈትኖ መሸጥ ለአካባቢያችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ቡናችንን ማን በዓይኑ ብቻ ገዝቶ ያውቃል? የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በተከተለው የቡና ደረጃ አሰጣጥ ጥሬው 40 ከመቶ፣ ስኒው 60 ከመቶ ይመዘናል። ቡናው ምንም ያህል ቢያምር ተቆልቶ፣ ተፈልቶ፣ ተቀምሶ ነው ደረጃው የሚታወቀው። አርሶ አደሩ ላቡን ያፈሰሰበት ጆንያ ይህን ሁሉ ፈተና አልፎ ሲሸጥ፣ ከውጭ የመጣ አንድ ጠርሙስ ያለ ቅምሻ ይታመናል።

ፈተናውን ለማዘጋጀት ፈቃደኛ ነኝ። ቀለም ቤቴ ውስጥ ለቁራጭ ብረት የቀረ፣ የፋብሪካ ቀለሙ ያለ የኮሮላ በር አለ። ቢሮአችሁ ቀን ይቁረጥ፤ በሩን አመጣለሁ። ቀለም ቀቢዎች፣ የባጃጅ ማኅበራትና የስፕሬዩ ሻጮች ባሉበት ሦስት ጭረት እንሠራለን፤ አንዱ ጥፍር የማይይዘው፣ አንዱ ጥፍር የሚይዘው፣ አንዱ ብረት የደረሰ። ሻጩ ራሱ፣ በራሱ አረጫጨት፣ ዕቃውን ይርጭ፤ ፎቶ ይነሳ። ከዚያ በሩ በላርጎ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ በዚያው ማዕዘን እንደገና ፎቶ ይነሳ። ቀጥሎ የጣሪያ ጥላ በሌለበት በተቆለፈ ግቢ በዝናብና በፀሐይ አንድ ወር ይቀመጥና ለሦስተኛ ጊዜ ፎቶ ይነሳ፤ ቁልፉ በእናንተ እጅ ይሁን እንጂ በእኔ አይሁን። ሦስቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን በመናኸሪያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፉ። ጭረቱ ጠፍቶ ከተገኘ ያንን ስፕሬይ እኔ ራሴ ሱቄ ደርድሬ እሸጣለሁ፤ ዋጋው ከእኔ ክፍያ ያነሰ ነውና ደንበኛዬም ይደሰታል።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሚዛን አማን ከተማ የመኪና ቀለም ቀቢ

ግልባጭ፦
ለሚዛን አማንና ለቴፒ ከተማ አስተዳደሮች
ለባጃጅ ባለንብረቶችና ሹፌሮች ማኅበራት
ለመኪና ደላሎች፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት ለሚወለውሉት